ሐረግ ወይስ መልክ? የሔኒግ የምደባ ዘዴ ሲመዘን

መግቢያ

የሥነ ሕይወት ትምህርት ከሚጀመርባቸው አርእስት አንዱ የሕያዋን ምደባ ነው። ተማሪው ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገንና ዝርያ የተባሉትን ሰባት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያጠናል፤ በፈተና ይጠየቃል፤ መልሶም ያልፋል። ነገር ግን «አዞና እንሽላሊት በአንድ መደብ ሲቆጠሩ ዶሮ ለምን በሌላ መደብ ተቆጠረች?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ላባ ስላላት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት ለመስጠት ይቸገራል። መምህሩም ቢሆን ከዚህ የራቀ መልስ ሁልጊዜ አይኖረውም። ችግሩ የተማሪው የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም። ችግሩ፣ አንድን የሕያዋን ስብስብ በአንድ ስም ስንጠራ ምን መናገራችን እንደሆነ ሳይገለጽ መታለፉ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በግንባር ይዞ የተነሣ አንድ መጽሐፍ መመርመር ነው። መጽሐፉ ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሔኒግ በ1950 በጀርመንኛ ያሳተመው፣ በኋላም እንደገና ተሻሽሎ በ1966 በእንግሊዝኛ የወጣው የሐረግ ምደባ ድርሳን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሒስ ማለት ማወደስ ወይም ማንቋሸሽ ብቻ አይደለምና፣ መጽሐፉ ያስገኘውን ጥቅም፣ የተነሣበትን ተቃውሞና የራሱን ጉድለት በየተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ከመማሪያ ክፍል ጋር ያለውን ግንኙነት እናሳያለን።

የጥያቄው አመጣጥ

ሰው ሕያዋንን ሳይመድብ የኖረበት ዘመን የለም። ገበሬው እህልን ከአረም፣ እረኛው የቤት እንስሳን ከአውሬ፣ መድኃኒት ዐዋቂው የሚያድነውን ሥር ከሚገድለው ይለያል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሽኮኮና ጥንቸል ተከታትለው የተጠቀሱት በዘር ስለሚዛመዱ ሳይሆን በአንድ የአመጋገብ ደንብ ሥር ስለ ወደቁ ነው። እንዲህ ያለው ምደባ ለታቀደለት ተግባር ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚሆነው ለሌላ ጥያቄ መልስ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ሽኮኮ በቁመናው ጥንቸልን ወይም ትልቅ አይጥን ቢመስልም፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና በውኃ ውስጥ የሚኖሩት የባሕር ላም የሚባሉት አጥቢዎች መሆናቸውን የዘረመል ምርመራ አረጋግጧል። መልክ የሚናገረው አንድ ነገር፣ ሐረግ የሚናገረው ሌላ ነገር መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 ያወጣውና በ1758 በ10ኛው እትሙ ያስፋፋው የምደባ ሥርዓት የተመሠረተው በመልክና በአካል አሠራር ተመሳሳይነት ላይ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ቻርለስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ ለዚህ ተመሳሳይነት ምክንያት ሰጠው፤ ሕያዋን የሚመሳሰሉት ከአንድ የጋራ አባት ስለ ተወለዱ ነው፤ ስለዚህም እውነተኛ ምደባ የዘር ሐረግን የተከተለ መሆን ይገባዋል አለ። ይሁን እንጂ በዚያው ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የደረሰበት የለውጥ መጠን የተለያየ ስለሆነ ይህ ልዩነት በአስተኔና በወገን ደረጃዎች እንደሚገለጽ ጨምሮ ጽፏል። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጣሉ አይመስሉም። ነገር ግን ሐረግና የለውጥ መጠን በተለያዩበት ቦታ የቱ ይቀድማል? ዳርዊን ይህን ቋጠሮ ሳይፈታ አለፈ፤ ተከታዮቹም ዘጠና ዓመት ያህል እያንዳንዳቸው እንደ ልምዳቸውና እንደ ግምታቸው ሲመድቡ ቆዩ።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር

ሔኒግ በ1913 ተወልዶ በ1976 ያረፈ፣ የዝንቦችን ዘር ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው በ1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በእንግሊዞች ተማርኮ በጣሊያን አገር ሳለ ነበር። ከመጽሐፉ የሚወጣው ዋና ትምህርት በሁለት ነጥቦች ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው ነጥብ ምስክርነትን ይመለከታል። ተመሳሳይነት ሁሉ የቅርብ ዝምድና ምስክር አይደለም። አንድ ባሕርይ ከሩቅ አባት የተወረሰ ሲሆን «ቀደምት ባሕርይ»፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በኋላ የተገኘ ሲሆን «አዲስ ባሕርይ» ብንለው፣ የቅርብ ዝምድናን የሚያስረዳው ሁለት ወገኖች በጋራ የያዙት አዲስ ባሕርይ ብቻ ነው። ሰውና እንሽላሊት አምስት አምስት ጣት አላቸው፤ ፈረስ ግን በየእግሩ አንድ ጣት ብቻ አለው። በዚህ ምክንያት ሰው ከፈረስ ይልቅ ለእንሽላሊት ይቀርባል የሚል የለም። አምስት ጣት ለሦስቱም ከሩቅ አባት የመጣ ሲሆን፣ ፈረስ በኋላ ቀነሰው እንጂ ሰውና እንሽላሊት አዲስ ነገር በጋራ አላገኙም። ይህ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ሔኒግ በሥርዓት እስኪያስቀምጠው ድረስ በምደባ ሥራ ላይ በተከታታይ አልተሠራበትም ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የስብስብን ሙሉነት ይመለከታል። አንድ ስም ሊሰጠው የሚገባው ስብስብ፣ አንድን አባትና ከእርሱ የተወለዱትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የያዘ መሆን አለበት። ይህን «ሙሉ ሐረግ» እንበለው። ከተወላጆቹ ከፊሉን ያስቀረውን ደግሞ «ጎደሎ ሐረግ» እንበለው። ለአገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይችልም። የገጠር መሬት በ1975 የሕዝብ ሀብት ከመሆኑ አስቀድሞ፣ በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠየቀው ከዋናው አባት በወንድም ሆነ በሴት በኩል መወለድን በመቁጠር ነበር። ተወላጁ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ቆላ ይውረድ ደጋ ይክረም፣ መልኩ አያቱን ይምሰል ወይም አይምሰል፣ ትውልዱን ከቆጠረ ተወላጅ ነው። ለጋብቻም ሰባት ቤት ሲቆጠር የሚጠየቀው ማን ከማን ተወለደ የሚለው እንጂ ማን ማንን ይመስላል የሚለው አይደለም።

እንግዲህ ወደ አዞውና ወደ ዶሮዋ እንመለስ። አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ የአዕዋፍ የቅርብ ዘመድ ነው። የሁለቱም ልብ አራት ክፍል አለው፤ ሁለቱም ጠጠር የሚይዝ ወፍራም ጡንቻማ ጨጓራ አላቸው፤ ሁለቱም ጎጇቸውን ይጠብቃሉ፤ የዘረመል ምርመራም ይህንኑ ያጸናል። አዕዋፍ ከዳይኖሰሮች ወገን መምጣታቸውን ደግሞ በ1861 በጀርመን አገር የታወቀው አርኪዮፕቴሪክስና ከ1996 ጀምሮ በቻይና የተገኙት ላባ የለበሱ ዳይኖሰሮች ቅሪተ አካል አስረድተዋል። ስለዚህ «ገበሎ አስተኔ» ብለን አዞን፣ እንሽላሊትን፣ እባብንና ኤሊን በአንድነት ሰብስበን አዕዋፍን ከውጭ ስናስቀር፣ አንዱ ወንድም ክንፍ አውጥቶ ከበረረ በኋላ ከትውልድ ቆጠራው እንደ መሰረዝ ነው። ስብስቡ ጎደሎ ሐረግ ነው። «ዓሣ» የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ በሳንባ የሚተነፍሰው ዓሣ በሐረግ ሲቆጠር ከአምባዛ ይልቅ ለላም ይቀርባልና።

የተነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው የዘር ሐረግ ሊታወቅ አይችልምና የሚለካውን ብቻ እንለካ ከሚሉት ወገኖች ነው። ሮበርት ሶካልና ፒተር ስኒዝ በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሕያዋንን ባሕርያት በብዛት ቆጥሮ አጠቃላይ ተመሳሳይነታቸውን በቁጥር ማስላት ይበቃል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የቁጥር ስሌትን በምደባ ሥራ ውስጥ በስፋት በማስገባታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ቀደምቱን ባሕርይ ከአዲሱ ሳይለዩ መደመር፣ በርስት ክርክር ላይ የሰማውንና ያየውን ምስክር ሳይለዩ የምስክሮችን ብዛት ብቻ እንደ መቁጠር ነው።

ሁለተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ የኧርንስት ማየር ነው። ማየር በ1974 በጻፈው ሒስ የሔኒግን የሐረግ አመራመር ዘዴ አልነቀፈም፤ እንዲያውም አድንቋል። የነቀፈው ሐረጉን እንዳለ ወደ ምደባ መለወጡን ነው። አዕዋፍ መብረርን ገንዘብ አድርገው፣ አካላቸውን፣ አኗኗራቸውን፣ የደማቸውን ሙቀት ሳይቀር ለውጠው አዲስ ዓለም ሲገቡ፣ አዞ በወንዝ ዳር ቀርቷል፤ ይህን ሁሉ ለውጥ ከቁም ነገር የማይቆጥር ምደባ ከታሪኩ ግማሹን ጥሏል የሚል ነው ክርክሩ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ዳርዊንም ስለ ለውጥ መጠን የተናገረውን በድጋፍነት ሊጠራ ይችላል።

ይሁን እንጂ የማየርን መንገድ የተከተለ ሰው አንድ መልስ የሌለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለውጡ ምን ያህል ሲሆን ነው ተወላጁ ከሐረጉ የሚወጣው? ለአዕዋፍ መብረር ከበቃ፣ ለሌሊት ወፍ ለምን አልበቃም? የሌሊት ወፍ በርራም አጥቢ ተብላ ቀርታለች። ዓሣ ነባሪ እግሩን አጥቶ ባሕር ገብቷል፤ ሆኖም በ2001 ይፋ የሆኑት የፓኪስታን ቅሪተ አካላት የቁርጭምጭሚት አጥንት ከጉማሬ፣ ከላምና ከአሳማ ወገን መሆኑን አስረድቷል። የለውጥ መጠን መለኪያው በመዳቢው ግምት ላይ ሲንጠለጠል፣ ሁለት ሊቃውንት ቢለያዩ የሚዳኛቸው ነገር አይገኝም። በሔኒግ መንገድ ግን የተለያዩት ወገኖች ምስክር ይዘው ሊከራከሩ፣ የተሸነፈውም ሊታረም ይችላል። የዘዴው ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። አንድን ስብስብ መሰየም ሊፈተንና ሊወድቅ የሚችል አባባል መናገር ማለት ሆኗል።

ከአገራችን የተገኘ ምስክር

ይህ አባባል በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስል በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ እንውሰድ። ይህ አውሬ ቀጭንና ረጅም አፍ አለው፤ ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው፤ የሚያድነውም ብቻውን ነው። በዚህ ጠባዩ ምክንያት በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ «የሰሜን ቀበሮ» ሲባል ኖሯል። በ1994 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን በአፍሪካ ከሚኖሩት ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ካዮቲ እንደሚቀርብ አመለከተ። ቀጭኑ አፍ ፍልፈልን ከጉድጓድ አፍ ለመንጠቅ የተገኘ የአኗኗር ውጤት እንጂ የዝምድና ምልክት አልነበረም። ይኸው ጥናት በባሌ አካባቢ ከለማዳ ውሻ ጋር መዳቀሉንም ገልጿል። ውሻ የተኩላ ተወላጅ ስለሆነ፣ ዝምድናውን ማወቅ ለአደጋው ምክንያት መስጠት ሆነ። ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች ለሚቆጠር አውሬ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት የአማርኛው ስም ይለወጥ ማለት ግን አይገባም። የሕዝብ ስም አውሬውን ከአውሬ ለመለየት የተሰጠ እንጂ ስለ ሐረግ የተነገረ አባባል አይደለም። መምህሩ ሊያስረዳ የሚገባው ሁለቱ ስያሜዎች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ መሆኑን ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በአፍሪካ የሚኖረው ወርቃማ ቀበሮ በእስያና በአውሮፓ ከሚኖረው ጋር አንድ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2015 የወጣ ጥናት ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም በሐረግ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ፤ የአፍሪካውም ወርቃማ ተኩላ ተባለ። በ2018 ደግሞ በሙሉ ዘረመል ላይ የተደረገ ጥናት፣ የዚህ የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ዘር በከፊል ከግራጫው ተኩላ፣ በከፊል ከኢትዮጵያው ቀይ ቀበሮ የመጣ ነው የሚል መደምደሚያ አቀረበ። ይህ የመጨረሻው ግኝት ለሔኒግ ዘዴ ድጋፍም ወቀሳም ነው። ድጋፍ የሚሆነው መልክ እንደሚያሳስትና ሐረግ በምስክር እንደሚገኝ ስለሚያሳይ ነው። ወቀሳ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ በምንገልጸው ምክንያት ነው።

የዘዴው ጉድለቶች

አንደኛ፣ ሔኒግ የዘር ሐረግን የሣለው ሁልጊዜ ለሁለት የሚከፈል፣ ከተከፈለም በኋላ ዳግመኛ የማይገናኝ ግንድ አድርጎ ነው። ከላይ እንዳየነው ግን የተለያዩ ቅርንጫፎች ተመልሰው ሊቀላቀሉ ይችላሉ። በባክቴሪያዎች ዘንድማ ዘረመል ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በጎን መተላለፉ የተለመደ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐረጉ ግንድና ቅርንጫፍ መሆኑ ቀርቶ እንደ መረብ ይሆናል። በመጽሐፉ ለዚህ የተሰጠው ቦታ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ሔኒግ የመደብና የአስተኔ ደረጃዎች በየስብስቡ ዕድሜ እንዲወሰኑ ያቀረበው ሐሳብ በሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። በዚህ ስሌት ቢሄዱ በነፍሳት ዘንድ ክፍለ መደብ የሚባለው ስብስብ በአጥቢዎች ዘንድ ከመደቡም በላይ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ የምንማረው ሰባቱ ደረጃዎች ተፈጥሮ ያስቀመጠቻቸው ሳይሆኑ ሰው ለመዝገብ አያያዝ ያበጃቸው መሆናቸውን ነው።

ሦስተኛ፣ ባሕርያት ሲጋጩ አነስተኛ የለውጥ ብዛት የሚጠይቀውን ሐረግ መምረጥ በዘዴው ተከታዮች ዘንድ ደንብ ሆኗል። ጆሴፍ ፈልሰንስታይን በ1978 ይህ ደንብ በአንዳንድ ሁኔታ ማስረጃው በበዛ ቁጥር ወደ ስሕተት እንደሚመራ በስሌት አሳይቷል። በስታቲስቲክስ ላይ የተመሠረቱት የዛሬዎቹ ዘዴዎች ይህን ለማረም የተነሡ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ የሔኒግን መሠረተ ሐሳብ አልጣሉም፤ ያሻሻሉት ምስክርነቱ የሚመዘንበትን ሚዛን ነው።

አራተኛ፣ የአጻጻፉ ነገር ነው። ሔኒግ ለያንዳንዱ ሐሳብ ከግሪክ ቋንቋ አዲስ ቃል እየፈጠረ ስለሚሄድ፣ መጽሐፉ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ተከታዮቹም ቃላቱን እንደ ቡድን ምልክት ይዘው ተቃዋሚዎቻቸውን ሲያሸማቅቁባቸው ታይተዋል። በ1979ና በ1980 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዳይኖሰሮችንና የሰውን አመጣጥ በዚህ ዘዴ አደራጅቶ ለሕዝብ ሲያሳይ ከባድ ውዝግብ ተነሥቶ ነበር፤ ቤቨርሊ ሃልስቴድ የተባለው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዘዴውን ከማርክሳዊ አስተሳሰብ ጋር እስከ ማያያዝ ደርሷል። ክሱ መሠረት ባይኖረውም፣ አዲስ ዘዴ ምክንያቱ ሳይብራራ ውጤቱ ብቻ ሲቀርብ ምን ዓይነት ጥርጣሬ እንደሚያስከትል ለትምህርት ባለሙያ ማስጠንቀቂያ ነው።

በመማሪያ ክፍል

ይህ ሁሉ ለመምህሩ ምን ይጠቅማል? ሰባቱን ደረጃዎች አውጥቶ በምትካቸው የሔኒግን ቃላት ማስጠናት አንዱን ሽምደዳ በሌላ ሽምደዳ መለወጥ ይሆናል። የሚያስፈልገው ተማሪው ምደባን ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ለዚህም ስድስት የታወቁ እንስሳት ይበቃሉ፦ አምባዛ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ አዞ፣ ዶሮና ላም።

ተማሪው በመጀመሪያ የጀርባ አጥንትን ይመርምር፤ ሁሉም ስላላቸው በመካከላቸው ያለውን ዝምድና አይለይም። ፀጉርን ይመርምር፤ ላም ብቻዋን ስላላት ከማን እንደምትዛመድ አይናገርም። አራት እግር አምባዛን ከሌሎቹ ይለያል። ጽንሱን በፈሳሽ ውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በእንሽላሊት፣ በአዞ፣ በዶሮና በላም ሲገኝ በእንቁራሪት የለም። እስከዚህ ድረስ ምስክሮቹ ይስማማሉ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ የልብን ነገር ያንሣ። አራት ክፍል ያለው ልብ በአዞ፣ በዶሮና በላም ይገኛል፤ ስለዚህ ላም ከእንሽላሊት ይልቅ ለአዞ የቀረበች ትመስላለች። ነገር ግን የእንሽላሊትና የአዞ ቅርፊት፣ የዶሮም ላባ የሚሠራበት አንድ የፕሮቲን ዓይነት በላም ፀጉር ውስጥ አይገኝም። ቅሪተ አካልና ዘረመልም ከዚህኛው ምስክር ጋር ይቆማሉ። እንግዲያው የላም ልብ አራት ክፍል የሆነው ለብቻው፣ በሌላ መንገድ ነው። ተማሪው እዚህ ላይ ሲደርስ ምስክሮች ሊጋጩ እንደሚችሉ፣ ሲጋጩም ብዙና ነጻ የሆኑ ማስረጃዎችን ማመዛዘን እንደሚገባ በራሱ ሥራ ይረዳል። ዶሮዋ ለምን ከአዞ እንደ ተለየች ሲጠየቅም «ላባ ስላላት» ብሎ አያቆምም፤ ላባ የዶሮን አዲስነት እንጂ የአዞንና የእንሽላሊትን ዝምድና እንደማያስረዳ ይናገራል።

መደምደሚያ

የሔኒግ መጽሐፍ እንከን የሌለው ሥራ አይደለም። ሐረግ ሁልጊዜ እንደ ግንድ አይከፈልም፤ ደረጃዎቹ በዕድሜ አልተወሰኑም፤ ቋንቋውም አንባቢን ያርቃል። ማየር የተከራከረለት የለውጥ መጠንም ሊጠና የሚገባው እውነተኛ ነገር ነው፤ ቦታው ግን የዝግመተ ለውጥ ታሪክ እንጂ የትውልድ ቆጠራ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፍሬ አንድ ነው። ለሕያዋን ስብስብ ስም መስጠት ስለ ትውልዳቸው ቃል መስጠት ነው፤ ቃል የሰጠ ደግሞ ምስክር ይጠየቃል። ይህን የተረዳ ተማሪ የዛሬው ምደባ ነገ ተለወጠ ቢባል ሳይንስ ዋሸ ብሎ አይደነግጥም፤ የትኛው ምስክር እንደ ተሻረና የትኛው እንደ ተተካ ይጠይቃል። የምደባ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ያለው ቦታ የሚመዘነውም ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ በማፍራቱ ሊሆን ይገባል።